የጋቢናው ወንበር

ግንቦት 3፣ ሰኞ። ከቀኑ 7፡30

ምሳ ተበላ። ፀጉር ቤቱን ዘጋን። ሙና ወለሉ ላይ ፍራሿን ዘርግታ ማንኮራፋት ጀምራለች። እኔ ቬንትሌተሩ ሥር። እንቅልፍ እምቢ። ዳዊት የለም።

ዛሬም የለም! እጁን ታጠበና ትንሽ ልንቀሳቀስ ብሎ ወጣ። አቦ በዚህ ሰዓት? ድሬ በዚህ ሰዓት ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ውሻው እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ለመሻገር ያመነታል። የኔ ባል ግን ይንቀሳቀሳል። የት? ከማን ጋር? ብጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል።

ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር፣ ደብተርዬ። ሙና ጎበዝ ናት፣ እሷ ሂና ስትቀባ እኔ ፀጉር ስሠራ ስንት ዓመት አብረን በላን፤ ግን አፏ ክዳን የለውም።

ከፋሲካ ማግስት ወዲህ ዳዊት መሪ አልነካም። ሐረር ሲመላለስ ያረጀ ሹፌር! ደንገጎ ዳገት ላይ ሰው ጭኖ ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ፣ እጁ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞትኩ አለ። አልሞተም። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ልቡን አዩት፣ ደሙን አዩት፣ ምንም የለም። ሐኪሙ ጭንቀት ነው፣ የድንጋጤ ሕመም ነው፣ የአእምሮ ሐኪም ይይህ ብሎ ወረቀት ጻፈለት። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እየተጣጠፈ አለ። እብድ ነኝ እንዴ ይላል። ሚኒባሱን አሁን የሚነዳልን ጓደኛው ቶፊቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ እቤትም ሁለቴ መጥቶበታል። ከሁለተኛው በኋላ ነው ቀትር ላይ መጥፋት የጀመረው።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ሙና ሂናዋን እያቦካች፣ ዝም ብላ፣ እንደ ቀልድ፣ አክስቷ ትናንት ዳዊትን ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር አየችው አለች። ከሴት ጋር። ጥቁር አባያ፣ ወይን ጠጅ ሻርፕ። ቀስ እያሉ ሲሄዱ። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሴትዮዋ ፊቱን እያየችው።

እኔ የሰው ፀጉር ቢጎዲን ላይ እየጠቀለልኩ ነበር። ደንበኛዬ ኧረ ቀስ ብላ ጮኸች። ይቅርታ እናቴ አልኩ። ሙና ምላሷን ነከሰች፤ ወላሂ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ዘመዱም ልትሆን ትችላለች አለች። የትኛዋ ዘመዱ? የዳዊትን ዘመዶች ከነቅማላቸው አውቃቸዋለሁ።

እጁን ደረቱ ላይ! የሠርጋችን ዕለት እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

ምሳ ሽሮውን አሳረርኩት፣ እሱም ዝም ብሎ በላው። ዝም ብሎ መብላቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ። 9 ሰዓት ግድም

ተከተልኩት። አዎ፣ ተከተልኩት! የሙናን ጃንጥላ ይዤ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል። ባጃጅ እንኳ የለም፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ከኋላ ወንበር ተጋድመዋል።

አየኋት። ቆንጆ ናት። ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ከኔ ብዙ ባትበልጥ ነው፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ረጋ ያለ አረማመድ። አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ መሃላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። አልተነካኩም። ብትነካው ይሻለኝ ነበር፣ ሄጄ ፀጉሯን እይዝ ነበር። እሷ የሆነ ነገር ትላለች፣ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በአፉ ቀስ ብሎ አየር ያስወጣል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ ዛፉን፣ አጥሩን፣ ድንጋዩን ያሳያታል። ልጅ ፊደል እንደሚቆጥር።

ከዚያ ሳቀ።

ዳዊት ሳቀ! ከፋሲካ ወዲህ ጥርሱን አላየሁም። እኔ ሳበስል፣ ሳጥብ፣ ስጸልይ፣ ሌላው ቀርቶ ስቀልድለት እንኳ ያልሳቀ ሰው ለሷ ሳቀላት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ዞሬ ተመለስኩ። ጃንጥላውን መንገድ ላይ ጥዬው መጣሁ፣ ሙና አሁን ጃንጥላዬ እያለች ታብዳለች።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ወጣልኝ። ጠየቅሁት። ጠየቅሁት ማለት ድስት ወረወርኩ ማለት ነው፣ ግን ግድግዳው ላይ ነው።

አልካደም። ስሟን ነገረኝ፣ ሙሉ ስሟን ልጽፍላት አልፈልግም፣ ፈ. ትባል። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ያን ዕለት ደንገጎ ላይ ጋቢና የተቀመጠችው መንገደኛ እሷ ነበረች። ከኋላ ያሉት ሲንጫጩ፣ ውሃ አምጡ፣ ጸበል አምጡ ሲሉ፣ እሷ ብቻ ሳትነቃነቅ፣ አብሽር፣ ይሄን እኔ አውቀዋለሁ፣ አይገድልም አለችው። እሷንም ለዓመታት ይይዛት ነበር። ስልኳን ሰጠችው። እቤት ሁለተኛው ከመጣበት በኋላ ደወለላት። ቀትር ላይ የሚሄዱት ሰው እንዳያየው ብሎ ነው። ሹፌር ሆኖ ፈሪ ሲባል መስማት አልችልም አለ።

እሺ። ይሁን። ለምን ለኔ አልነገርከኝም? ሚስትህ ማን ናት? አልኩት።

ድስቱን ከወለሉ አነሳ። ከዚያ፣ አንቺ ትደነግጫለሽ፣ ሰብልዬ አለኝ።

እደነግጣለሁ! እና አልደንግጥ? ባሌ እያጣጣረ ከበሮ ልምታ? እኔ አይዞህ፣ አይዞህ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ ምንም፣ እሷ አንዲት አብሽር ስትል ተነሳ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ?

ከዛሬ ጀምሮ እዚያ እንዳትሄድ አልኩት። ዛሬ አልሄደም። አልጋው ላይ ጣራ እያየ ተኝቷል። አሸንፌያለሁ መሰለኝ። ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ። ጠዋት

መፍትሔ ተገኘ! ቶፊቅ ሒሳብ ሊያስገባ መጥቶ፣ እኔም አልቻልኩም፣ አወራሁለት። ሳቀብኝ። ያ ሰብለ፣ ይሄማ ዱካክ ነው አለ። ጫት ድንገት የተወ ሰው ላይ የሚመጣው ጭንቅ፣ ደረት ላይ የሚወጣው። ድሬ ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም፣ እኔ እንዴት ረሳሁት! ዳዊት ጫት የተወው በዐቢይ ጾም ነው። ያስተውኩትም እኔ ነኝ፤ ከሰዓቱን ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ሲያሳልፍ አልወድም ነበር። ትንሽ ቢቅም ይለቀዋል አለ ቶፊቅ፤ አጎቱንም የለቀቀው እንደዚያ ነው።

ገባሽ? ሐኪም የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ ከዚራ የለም። ነገ ከምሳ በኋላ እዚሁ፣ በገዛ ቤቱ፣ በኔ እጅ። ፍራሹን አነጥፋለሁ፣ ለውዝ፣ ቀዝቃዛ ኮካ፣ ሻሂ በፔርሙዝ። እስኪ ያኔ ማንን ብሎ እንደሚወጣ አያለሁ።

ገበያ ወርጄ ለነገ ለግላጋ የአወዳይ ጫት አዘዝኩ። ሻጯ ታውቀኛለች፣ ለዳዊት እንዳትሸጪለት ብዬ የተጣላኋት ናት። ዛሬ ለማን ነው አለችኝ። ለባሌ ስላት እስክትንፈራፈር ሳቀች። ትሳቅ።

ግንቦት 10፣ ሰኞ። ጠዋት

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

አልፈልግም ብሎ ነበር። ለኔ ብለህ አልኩት። ለኔ ብሎ ቃመ። መጀመሪያ ደህና ነበር፣ ወሬው መጣ፣ ስለ ሐረር መንገድ፣ ስለ ድሮ መንገደኞች ሲያወራ ሲያስቀኝ ነበር። በልቤ፣ ይኸው ፈ.፣ ቤቱ ነው ያለው እያልኩ።

ምርቃናው ሲገባ ፊቱ ተለወጠ። ዝም አለ። እጁን አየ። ልቤ አለ። ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ ብድግ አለ። ሸሚዙን በጠሰው። እስከዛሬ ከመጡበት ሁሉ የከፋ። ዳዊቴ! አልኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ውሃ ደፋሁበት፣ በሩን ከፍቼ ጎረቤት ልጠራ አልኩ፣ አትሙትብኝ አልኩ፣ ወይኔ ገደልኩት አልኩ። እሱ ደግሞ እኔን ያያል። ዓይኔን እያየ ይብሳል። እኔ ስጮህ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ እኔ ስጮህ።

የሱን ስልክ አነሳሁ። ማንን ልጥራ? ሐኪም ነው የሚጠራው፣ ጣቴ ግን ሄዶ የሷን ስም ነካ። የማን ስም ላይ እንደቆመ እያወቅሁ ነው የነካሁት። እስካሁን ያቃጥለኛል።

አነሳች። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። የሆነውን በጩኸት ነገርኳት። እሷ ቀድማ ለኔ ነው የተናገረችው፤ "እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ዝም በይ። ቁጭ በይ። ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪ።" ተሳደብኩ መሰለኝ። ግን ተቀመጥኩ። ከዚያ ለሱ፤ አብሽር ዳዊት፣ ዳገት ነው፣ ጫፍ አለው፣ ጫፉ ላይ ማንም ቀርቶ አያውቅም፣ ትወርዳለህ። አትታገለው። አየሩን ቀስ ብለህ አስወጣ፣ ከማስገባትህ ይልቅ ማስወጣትህ ይርዘም። እግርህ የረገጠውን ንገረኝ። ምን ታያለህ? እሱም እየተንቀጠቀጠ፤ ምንጣፍ። ፔርሙዝ። ለውዝ። ሰብለ።

ወረደ። ልብሱ በላብ እንደራሰ ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

ጫት አስቅሜው ነው አልኳት። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ እሱ ደግሞ የልቡን ሩጫ ነው የሚፈራው፤ ዱካክ ሲሉኝ እኔም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ አለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት!

ግንቦት 12፣ ረቡዕ። ከምሳ በፊት

ደብተርዬ፣ ዛሬ ማን መጣች በይኝ። ፈ.! በገዛ እግሯ፣ ፀጉር ልሠራ ብላ። ሙና በሩን ስታይ ሂናውን የሰው ክርን ላይ ቀባችው።

ወንበር ሰጠኋት። ሻርፗን ፈታች። ፀጉሯ እስከ ወገቧ! አምላኬ፣ ይሄንንም ሰጠሃት? አጠብኳት። አንገቷ በእጄ ውስጥ ነው፣ ውሃው በእጄ ነው፣ ካስኩ በእጄ ነው። ሙቀቱን ከፍ ባደርገውስ ብዬ አሰብኩ፣ አልዋሽሽም። አላደረግሁትም። በደንብ ነው ያጠብኳት፣ ሥራ ሥራ ነው።

ዓይኗን ጨፍና ታወራለች። ያገባች ነበረች። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም አለች፤ "እኔን ሲይዘኝ እሱም ይደነግጣል። አብሮ መደንገጥ ፍቅር ይመስለው ነበር። ፊቱን ሳይ እየሞትኩ መሆኔን አምናለሁ። በመጨረሻ ደከመው፣ ሄደ።" እሷን ያተረፋት የአእምሮ ሐኪም ነው፣ ዓመት ተመላልሳ። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣባታል፣ ግን አትሸሸውም። ዳዊት ሐኪም ጋ እንዲሄድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትለምነዋለች። እምቢ ያላት ሚስቴ እብድ ነው ብላ ትሸሸኛለች ብሎ ነው።

እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። እኔ? እሸሻለሁ?

ስጨርስላት ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች። አልቀበልም አልኳት። እሷም ከነገ ጀምሮ ቀትር ላይ አንቺ አብረሽው ሂጂ አለች። ልመናም ትዕዛዝም አይመስልም። ስትወጣ ሙና፣ ምን ዓይነት ፀጉር ነው ወላሂ አለች። ዝም በይ አልኳት።

ግንቦት 17፣ ሰኞ። ጠዋት

ፊቴን እየተለማመድኩ ነው። አትሳቂ። ፀጉር ቤት ሙሉ መስታወት ነው፣ ደንበኛ ሳይመጣ እቆማለሁ፣ ዳዊት ሞትኩ ሲል አስባለሁ፣ ፊቴን አየዋለሁ። ቅንድቤ ሽቅብ ይበራል፣ አፌ ይከፈታል። እውነትም ያስደነግጣል! እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ሙና ከኋላዬ ቆማ፣ አቦ አሁን የተቆጣች ዶሮ ነሽ፣ አሁን ደግሞ የተኛች ዶሮ፣ መሃሉን አምጪ ትለኛለች።

ቀትር ላይ አብረን እንሄዳለን። ላቤ፣ ላቡ። አንዴ መጣበት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። መሃሉን ፊት አመጣሁ። እግርህ የረገጠውን ንገረኝ አልኩት፣ ድምፄ የበግ ነው። አስፋልት አለ። ምን ታያለህ አልኩት። ሚስቴን፣ አፍንጫዋ ላይ ላብ አለ አለ። ወረደ። ቤት ገብቼ መታጠቢያ ክፍል በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ እሱ አላየም።

ሐኪሙም ጋ ሄደ። ውጭ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። እብድ አይደለህም ተብሎ ወጣ፣ ለሳምንት ቀጠሮ ተሰጥቶታል። መንገድ ላይ፣ ፈ. እኮ እንዲህ ነው ያለችው፣ ሐኪሙም ልክ እንደሷ ነው ያለው እያለ ይደሰታል። ፈ. እንዲህ፣ ፈ. እንዲያ! ደሜ ፈላ። መሃሉን ፊት አደረግሁ። ለዚህም ይሠራል ለካ።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ከተማ ውስጥ መንዳት ጀምሯል። ከዚራን፣ ገበያውን፣ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ድረስ ደርሶ ተመለሰ። ጋቢና እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ፣ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ፣ የቤቴን ያህል ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ እሁድ ደንገጎን ልሞክር አለኝ። ባዶውን፣ ያለ መንገደኛ፣ በጠዋቱ። ሐኪሙም ስትዘጋጅ ሞክር፣ ከሸሸኸው ይገዝፍብሃል ብሎታል። ደስ አለኝ። ጉርሻ ሰጠሁት። ጉርሻውን ሳይውጥ፣ ፈ. ጋቢና ብትሆንልኝ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ አለ። ያን ዕለት እሷ ነበረች እዚያ፣ ያው ቦታ ላይ ያው ድምፅ ቢኖር አለ። እንዳትቀየሚኝ አለ።

አልተቀየምኩም አልኩት። መሃሉን ፊት።

ውሸቴን ነው! ተቀየምኩ፣ ነደድኩ፣ ተቃጠልኩ! ላቤን ያንጠፈጠፍኩት እኔ፣ ጣቢያው ጋ የያዝኩት እኔ፣ ዳገቱ ሲደርስ ወንበሩ ለሷ? ከኋላ ሆኜ ምን ልይ? የሷን ሻርፕ? አልሄድም። ሁለቱ ይውጡት። እኔ ፀጉር አለብኝ።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ። 8 ሰዓት

ሙና አኮረፈችኝ። አልሄድም ስላት ብሩሹን ወረወረችው። አንቺ ባልሽ ዳገቱን እንዲወጣ ነው የምትፈልጊው ወይስ አንቺ እንድታወጪው? አለችኝ። አፏ ክዳን የለውም አላልኩሽም?

ብሩሹን አንስቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እሁድ ባይወጣው፣ ከመንገዱ ቢመለስ፣ ሌላ ዳገት አይሞክርም። አውቀዋለሁ። ሚኒባሱን ይሸጠዋል፣ ጣራ እያየ ይኖራል፣ እኔም ጋቢናዬን ይዤ እቀራለሁ። የቆመ መኪና ጋቢና።

ግንቦት 30፣ እሁድ። ከጠዋቱ 12፡30

ቁርስ ሠርቼ ቋጥሬያለሁ። ለሦስት ሰው። ለሷም ነው፣ አዎ። አሁንም እቀናለሁ፣ ይሄ እንዲጠፋልኝ አልጠበቅሁም፣ እንደ ዳዊት ሕመም ይመጣል ይሄዳል።

ወስኛለሁ። ጋቢናው ለፈቲያ። ይኸው ስሟን ሙሉውን ጻፍኩት። እኔ ከኋላ፣ ከሱ ወንበር ጀርባ። አፌን እይዛለሁ። እጄን ትከሻው ላይ እንኳ አላደርግም፣ አድርጊ ካላለኝ በቀር። ዳገቱን ይውጣው እንጂ በማን ድምፅ እንደወጣው አልጠይቀውም። ዛሬ አልጠይቀውም።

ክላክስ አደረገ። መጣሁ፣ መጣሁ። ጫማዬ የታለ።

በመስኮት አየኋቸው። መሪውን ይዟል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን ሞተሩ ተነስቷል። ፈቲያ ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ገብታ በሩን ዘግታለች። እሱ ጎንበስ ብሎ የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈተው፣ ወደ መስኮቴ እያየ ነው፣ እኔ ደግሞ ፊቴን ገና አላስተካከልኩም።